የካርቶን ፍሪጅ

ላቮን ፕሩዊት ቆማ መተኛት ትችላለች። እያጋነንኩ አይደለም፤ ከሰፈራችን ሰው ያላየ የለም። ሱቅ ውስጥ ወረፋ ስትጠብቅ ጋሪዋን ተደግፋ ታሸልባለች። ቤተ ክርስቲያን ቆመን ስንዘምር አፏ ከመዝሙሩ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ ግን ተከድኗል። አንድ ጊዜማ በረንዳዋ ላይ ዕቃ ሊሸጥላት የመጣ ሰውዬ እያዋራት እንቅልፍ ይዟት ሄደ። በየመሃሉ "እሺ" ትለው ስለነበር ሰውዬው የተስማማች መስሎት በሳምንቱ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይዞ መጣ።

ሰነፍ ብትሆን ኖሮ ሐሜቱ በጣፈጠን ነበር። ግን አይደለችም። ሰው ሳይነቃ ትነሳና ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ትገባለች። ቺሊ የሚባለው የባቄላና የሥጋ ወጥ የሚቀርብ ቀን ደግሞ ጉዷ ይፈላል። በእኛዋ በዴ ሞይን ከተማ ቺሊ ያለ ቀረፋ ዳቦ ከቀረበ ልጆቹ ምሳ በላን አይሉም፣ ወላጆቻቸውም ይደውላሉ። ስለዚህ ላቮን ሊጥ ስትዳምጥ፣ ቀረፋ ስትነሰንስ፣ ስትጠቀልልና ስትቆርጥ ትውላለች። ልጆቹ በልተው ሲወጡ ያን የሚያህል ወለል ትወለውላለች። ቤቷ ስትገባ ቀረፋ ቀረፋ ትላለች። ባሏ ዴል፣ "ዳቦ ቤት አግብቼ እርቦኝ አድራለሁ" እያለ ይቀልድባታል። ይህን የሚለው ሲያገኛት ነው። በመኸር ጊዜ ዴል የእህል ጎተራው ላይ ነው፤ በቆሎ የጫኑት መኪኖች ተሰልፈው እያጉረመረሙ ማን ወደ ቤቱ ይለቀዋል? ኦክቶበር ላይ ዴልን የሚያውቀው ትራሱ ብቻ ነው።

ይህቺው ላቮን ግን በልጅነቷ የሰፈሩ ቀልደኛ ነበረች። ዛሬ ላያት ሰው አይመስልም።

እኛ ጋ ልጆች የተለየ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ለመለመን ቤት ለቤት የሚዞሩት በሃሎዊን ዋዜማ ነው። የለማኞች ማታ እንለዋለን። ለማኙ ደግሞ በነፃ አይሰጠውም፤ በር ላይ ቆሞ ቀልድ ይናገራል፣ ከዚያ ከረሜላውን ይወስዳል። ዝም ብሎ ከረጢት የሚዘረጋ ልጅ ካየን፣ "እናቱ አላስተማረችውም" ብለን ሳምንቱን ሙሉ እናማታለን። ትንሿ ላቮን ለየቤቱ የተለየ ቀልድ ነበራት። ለእኛ ቤት የነገረችውን ጎረቤት አይሰማውም፤ እኛም በማግስቱ በአጥር ላይ ቀልድ እንለዋወጥ ነበር። ያላሳቀችው ሰው ቢኖር ወይዘሮ አርዲት ብቻ ናቸው። አርዲት ዕድሜያቸውን የፍርድ ቤቱን ኮሪደር ሲወለውሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጥርሳቸውን ለቀልድ ማውጣት አይወዱም። ላቮን በየዓመቱ የሞት ሞቷን አዲስ ቀልድ ታመጣለች፣ እሳቸው ቸኮሌቱን ከረጢቷ ውስጥ እየጣሉ "ለከርሞ" ይሏታል። ከርሞ ላቮን አደገች፣ አገባች፣ ግራንትንና ኦፓልን ወለደች፣ ቀልዱም ደረቀባት።

ግራንት ስምንት ዓመቱ ነው፣ አፉ አያርፍም። ችግሩ ያለው ትንሿ ላይ ነው። ኦፓል አምስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ ስትለፈልፍ ግራንትን ታስንቃለች። ከበሩ ስትወጣ ግን ድምፅ የሚባል ነገር የላትም። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጀምሮ መምህርቷ ድምጿን ሰምታ አታውቅም። ሽንት ቤት ሲያስፈልጋት በጣቷ ትጠቁማለች። መምህርቷ ላቮንን ወጥ ቤት ድረስ መጥታ፣ "ቤት ትናገራለች አይደል?" ስትላት ላቮን፣ "ኧረ ዝም በይ የሚላት አጥቼ ነው" አለች። መምህርቷ እንዳላመነቻት ገባት፤ እሷም ለማስረዳት አቅም አልነበራትም።

ሃሎዊን ሲቃረብ ኦፓል የምትለብሰውን አሳወቀች።

"ፍሪጅ መሆን እፈልጋለሁ።"

"ልዕልት አይሻልሽም የኔ እናት? ባለፈው ዓመት የግራንት ጓደኛ እህት የለበሰችው ቀሚስ አለ።"

"ልዕልት ውስጥ ምግብ የለም።"

ዴል በዕረፍት ሰዓቱ ትልቅ ካርቶን አምጥቶ ነጭ ቀለም ቀባው፣ ለእጇ በጎን ቀዳዳ አወጣ፣ ፊቷ ጋ ደግሞ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ በር ቆረጠ። እጀታው የድሮ የመሳቢያ እጀታ ነው። እውነቱን ለመናገር የእኔ ቤት ፍሪጅ በር እንደዚያ አይዘጋም።

የቀረው ቀልዱ ነው። አንድ ማታ ግራንት ሾርባውን ወለል ላይ ደፋው። የትምህርት ቤቱን ወለል ወልውላ የመጣችው ላቮን እንደገና መወልወያ አንስታ ኩሽናው ውስጥ ቆመች። ኦፓል ከኋላዋ እየተከተለች፣

"እማዬ፣ ቀልድ ስጪኝ።"

"የለኝም። አልቋል።"

"አንድ ብቻ።"

ላቮን መወልወያውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ኦፓል የተኛች መስሏት ቀሚሷን ልትጎትታት ስትል፣

"አፅሙን እናቱ ሾርባ ለምን ከለከለችው?" አለች ላቮን።

"ለምን?"

"ወለሉን ማን ይወለውላል?"

ኦፓል መጀመሪያ ወለሉን አየች። ሾርባው በአፅሙ ጎድኖች መሃል ሲወርድ፣ ሲንጠባጠብ፣ እናትየው ስታየው በሐሳቧ እያየች ነበር መሰለኝ። ከዚያ ሳቀች። ስትስቅ እርጥቡ ወለል ላይ ተንከባለለች፤ ላቮን ያንንም ልብስ ማጠብ ነበረባት። ኦፓል ሳምንቱን ሙሉ ያን ቀልድ ለመታጠቢያ ገንዳው፣ ለድመቷ፣ ለመስተዋቱ ስትነግር ከረመች። ዴል እንኳ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ሰምቶታል።

በለማኞች ማታ ውጪው ይበርድ ስለነበር ፍሪጁ ኮት ከውስጥ ለብሶ ወጣ። መጀመሪያ የሄዱት ወይዘሮ አርዲት ቤት ነው። አርዲት እንደ ዳኛ በራቸው ውስጥ ወንበር አውጥተው፣ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ግራንት ስለ ላም አንድ ረጅም ቀልድ ተናገረ፤ አርዲት ሳይስቁ ሰጡት። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ካርቶኑ አዞሩ።

"አንቺስ ፍሪጅ?"

የፍሪጁ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

"እሷ አትናገርም ወይዘሮ አርዲት" አለ ግራንት። "የሷንም እኔ ልንገርዎት። ሁለት አለኝ።"

"ለሁለት ሰው የሚናገር ጠበቃ ነው። አንቺ ልጅ፣ አፍ የለሽም?"

"አፍ አላት። ውጪ ስትወጣ ነው የምትቆልፈው።"

ላቮን ከደረጃው ሥር ቆማ ትሰማለች። ልሂድ አልሂድ ስትል አርዲት ራሳቸው ልባቸው ራራ መሰለኝ፣ "በይ ለዛሬ እንዲሁ ውሰጂ" ብለው በጎን ቀዳዳው ቸኮሌት አስገቡ። ከዚያ ከቀዳዳው አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታ ቸኮሌቱን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

የእኛንም ቤት ጨምሮ በየቤቱ እንደዚሁ ሆነ። ሁላችንም ልንሰጣት ፈለግን፣ ማንም ሊያስወስዳት አልቻለም። ቤት ሲገቡ የግራንት ከረጢት ሞልቶ ተንጠልጥሏል፣ የኦፓል እንደታጠፈ ነው። ላቮን ካርቶኑን አውልቃላት ፊቷን ስታይ ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

"ለምን አልወሰድሽም የኔ እናት?"

"አልተናገርኩማ። የተናገረ ነው የሚወስደው።"

"እሺ፣ ለእኔ ንገሪኝና ከግራንት ልስጥሽ።"

"አንቺማ እናቴ ነሽ" አለች ኦፓል፣ እንደ ሞኝ እያየቻት። "ነገ እናገራለሁ። ነገ ሁሉም ቤት።"

"ነገ የለም እኮ። አለቀ። ከእንግዲህ የሚመጣው ዓመት ነው።"

ላቮን ይህን ባልተናገርኩ ብላ ወዲያው ተጸጸተች፤ ነገር ግን እውነቱ እሱ ነው። ኦፓል ወደ ክፍሏ ሄደች፣ ለድመቷም ቀልዱን አልነገረቻትም።

በማግስቱ፣ ዓለም ሁሉ ሃሎዊን ብሎ በሚጠራው ቀን፣ ላቮን ወጥ ቤት ቺሊ ነበር። ከቺሊው ጋር የቀረፋ ዳቦው፣ ከዳቦው ጋር ደግሞ ትናንት ሌሊቱን ከረሜላ ሲበላ ያደረ ልጅ ሁሉ ያስታወከው። ወለሉን ሁለቴ ወለወለች። ቤቷ ስትገባ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ እግሯን ሶፋ ላይ ሰቀለች። እግሯ ራሱ የተነፋ ሊጥ ይመስል ነበር። ግራንት ሆዱን ይዞ ተኝቷል። መንገዱ በሙሉ የበረንዳ መብራቱን አጥፍቷል፤ የእኛ ድግስ ትናንት አልቋል። ላቮን ያን ማታ ከእግዚአብሔር የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ በጊዜ መተኛት።

ደወሉ ጮኸ።

አልተነሳችም። ደወሉ ደገመ፣ ግን በፍርሃት፣ አጠር አድርጎ። ሰው ቶሎ የማይከፍትለት ሰው አደዋወል ነበር። እየተራገመች ተነሳች።

በር ላይ የቆመው ሰውዬ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ቤት በቅርቡ የተከራየው ሩቤን ነው፤ ከአሪዞና የመጣ። አጠገቡ ልጁ ሳውል የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልብስ ለብሶ፣ የራስ ቁሩ ዓይኑ ላይ ወርዶበት፣ ባዶ ባልዲ ይዟል።

"ይቅርታ እመቤት" አለ ሩቤን። "መንገዱን ሁሉ ዞርነው። የሚከፍት የለም። ሰው አለ ግን፤ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ እናያለን። ያጠፋነው ነገር አለ?"

ሳውል የራስ ቁሩን ከፍ አድርጎ፣ "አባዬ እዚህ ሰፈር ሰው አይወደንም እንዴ?" አለ።

ላቮን የበሩን ጠርዝ ይዛ ቆመች። "ኧረ አይደለም፣ የኔ ጌታ። እዚህ ትናንት ነበር። ማንም አልነገራችሁም?"

"ትናንት? ሃሎዊን እኮ ዛሬ ነው።"

"ለሌላው ዓለም ዛሬ ነው። ለእኛ ትናንት። ደግሞ ቀልድ መናገር አለበት።" የድካም ሳቅ መጣባት። "ግድ የለም፣ ግድ የለም፣ ቆይ የሆነ ነገር..."

ከኋላዋ ካርቶን ወለሉን ሲያሽ ተሰማት። ለቆሻሻ መኪና ኮሪደሩ ላይ ያስቀመጠችው ፍሪጅ እየመጣ ነው። ከሥሩ የፒጃማ እግሮች ይታያሉ። መጥቶ በእሷና በበሩ መሃል ቆመ። ላቮን አልተንቀሳቀሰችም። ትንሿ በር የጣት ስፋት ያህል ተከፈተች።

"ቀልድ ከሌለህ አይሰጡህም" አለ ፍሪጁ።

ሳውል አባቱን አየ። "ፍሪጁ ያወራል።"

"ቀልድ አለህ?"

"የለኝም። አሪዞና ቀልድ አያስፈልግም።"

ፍሪጁ ትንሽ አሰበ። "አንድ አለኝ። ላበድርህ። ጆሮህን አምጣ።"

ልጁ የራስ ቁሩን አውልቆ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ሹክሹክታው ረዘም አለ፤ ሁለቴ የተነገረው ሳይሆን አይቀርም። ሩቤን ምንም ሳይገባው፣ "ጎበዝ ልጅ አለችሽ፣ ደፋር" አላት።

ሳውል ተዘጋጅቶ ቀና አለ። "አፅሙ እናቱን ሾርባ ለምን ሰጣት?"

"እንደሱ አይደለም" አለ ፍሪጁ።

"ሾርባው አፅሙን ለምን... ወለል አለው?"

ላቮን ከግራንት ከረጢት እፍኝ ሙሉ ቸኮሌት ዘግና ባልዲው ውስጥ ጣለችለት። እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። በሩን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች፣ ሶፋው ከኋላዋ እየጠራት ነው። ፍሪጁ ግን ከደጃፉ አልተነሳም።

"እማዬ፣ ሌሎቹን ቤቶች ላሳየው? ነገ የለም ብለሽ የለ።"

ላቮን ወደ ጫማዋ አየች። ጫማው ሩቅ ነበር። የዴልን ኮትና የቤት ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ያን ማታ ከረሜላ ያለቀበት ሰው ሁሉ ምን እንደሚሰጥ ጨንቆት ነበር። ላቮን ደወል ትደውልና በሩ ሲከፈት፣ "አዲስ ናቸው፣ ቀኑ ተሳስቷቸው ነው" ትላለች፤ ድምጿ ራሱ ተኝቷል። እኔ ሙዝ ሰጠሁ። ጎረቤቴ የታሸገ የኮክ ፍሬ ሰጠ፣ እሱም ቆርቆሮ ያሳፍራል ብሎ በወረቀት ጠቅልሎ። በየበሩ የሚናገረው ሳውል ነው፤ በየበሩም እያበላሸ ይናገራል። የፍሪጁ በር ደግሞ የሰው ፊት ሲያይ ክርችም ይላል። በመንገድ ላይ ይከፈታል፣ ያርመዋል፣ ደወል ሲሰማ ይዘጋል። ላቮን ኦፓልን አልገፋፋቻትም። "በይ ተናገሪ" ብትላት እንደ ትናንቱ የምትቆልፍ መስሏታል፤ ደግሞስ ለመናገር ጉልበት የት አለና?

መጨረሻ ላይ ወይዘሮ አርዲት በር ላይ ደረሱ። አርዲት ጋዋን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ጠቅልለው ወጡ።

"ትናንት ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ ወይዘሮ አርዲት" አለች ላቮን። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ራሷን መደገፊያው ብረት ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች። "አዲስ ናቸው።"

"አዲስ ሰው ቀልድ የለውም?"

ሳውል ወደፊት ወጣ። በመንገድ ላይ ብዙ ስለታረመ መጀመሪያው ጥርት ብሎ ወጣለት። "አፅሙን እናቱ ሾርባ ለምን ከለከለችው?"

"እንጃ" አሉ አርዲት። "ለምን?"

ሳውል አፉን ከፍቶ ቀረ። ጠፋበት። አባቱን አየ፣ ባልዲውን አየ፣ ከዚያ ዞሮ ካርቶኑን አየ። አርዲት ጠበቁ፤ እሳቸው መጠበቅ ይችላሉ። ሩቤን ሊረዳው ብሎ፣ "ስለ ወለል ነው..." ሲል ልጁ "አባዬ ተው" አለው። ብርዱ ገባ። ሁላችንም በየመስኮታችን ነበርን፤ የሚሰማ ነገር ባይኖርም ፍሪጁ ሲቆም አይተናል።

የፍሪጁ በር ተከፈተ። እስከ መጨረሻው።

"ወለሉን ማን ይወለውላል?" አለች ኦፓል።

አርዲት አልሳቁም። በካርቶኑ አናት ላይ አሻግረው ደረጃው ላይ የተደፋችውን ሴትዮ አዩ።

"ይሄ ያንቺ ነው" አሉ።

"የኔ ነው" አለች ላቮን፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የመጣው። መጀመሪያ ሳል መሰለ፤ ከዚያ አርዲት የበሩን መቃን ይዘው፣ ጋዋናቸውን ሰብስበው፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። ሳቁን እኔም ከመንገዱ ማዶ ሰምቼዋለሁ። የዛገ የጎተራ በር ሲከፈት አስቡት።

"ዘገዩ ወይዘሮ አርዲት" አለች ላቮን።

አርዲት ቤት የቀረ ከረሜላ የለም። የጋዋናቸውን ኪስ ፈትሸው የሳል ከረሜላ አገኙና አንዱን ለሳውል፣ አንዱን ለፍሪጁ ሰጡ። እጅ ወጣች፣ ወሰደች፣ አልመለሰችም። በሩም ተዘጋ፤ እንደማንኛውም ፍሪጅ፣ ያለውን ለማስቀመጥ።

ሲመለሱ ሩቤን ካርቶኑን ተሸከመ፣ ላቮን ልጅቷን።

"እማዬ፣ ተናገርኩ።"

"ሰማሁሽ።"

"ተኝተሽ ነበር።"

"ተኝቼም እሰማለሁ። ልጅ የወለደ ሰው እንደዚያ ነው።"

በማግስቱ ኦፓል ትምህርት ቤት ሄዳ ለመምህርቷ ቀልዱን ነገረቻት ብዬ ብጽፍ ደስ ባላችሁ ነበር። አልነገረቻትም። ሽንት ቤት ሲያስፈልጋት ጠቆመች። በምሳ ሰዓት ግን ከሳውል ጋር ተቀመጠች፤ ምን እንደተባባሉ ወጥ ቤት ድረስ አይሰማም።

ላቮን ያን ቀን ወለሉን ልትወለውል መወልወያውን ስታነሳ የሽርጧ ኪስ ውስጥ የሚያጣብቅ ነገር በጣቷ ነካች። ጠዋት ስትወጣ ኦፓል ከአልጋዋ ተነስታ መጥታ ኪሷ ውስጥ ስትጎረጉር አይታታለች፣ ምን እያደረግሽ ነው ለማለት ግን አልነቃችም ነበር። በናፕኪን የተጠቀለለ፣ ግማሹ የተመጠጠ የሳል ከረሜላ ነው። ድርሻዋ መሆኑ ነው፤ ቀልዱ የሷ አይደል?

አፏ ውስጥ ጨመረችው። የመድኃኒት ጣዕም አለው፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ባልዲውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከጥጉ ጀመረች።